ቃል ወይስ ቀጠሮ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ አርሲ ነገሌን አልፎ ሻሸመኔ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት በአንዲት አነስተኛ ከተማ መሐል ያልፋል። ኩየራ ትባላለች። አብዛኛው መንገደኛ ስሟን ሳይጠይቅ ያልፋታል። ስሟን የሚያውቁትም ብዙውን ጊዜ የሚያነሡላት የአድቬንቲስት ትምህርት ቤቷንና ኮሌጇን ነው። እኔ ግን ኩየራ ሲባል ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የአጎቴ ሳል ነው።

አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በአዲስ አበባና በሞያሌ መካከል ሠላሳ ዓመት ያህል ተመላልሶ በመጨረሻ መሪውን ለልጁ አስረክቦ ኩየራ ተቀመጠ። ልጆች ሳለን እናቴን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ የአጥሩ በር ከመንኳኳቱ በፊት ሳሉን ሰምተን «ጋሼ መጣ!» እያልን እንሮጥ ነበር። ሳሉ ለእኛ እንደ መኪናው ጡሩንባ መታወቂያው እንጂ በሽታ አልነበረም። እሱም ቢሆን «የናፍጣ ጭስ ነው» ይል ነበር፤ በሁለት ጣቶቹ መካከል ኒያላ ይዞ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትንፋሽ ሲያጥረው ልጆቹ ጎትተው በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዱ ወደሚገኝ ሕክምና ቤት ወሰዱት። እኔም አብሬ ነበርኩ። ወረፋው ረጅም፣ ዶክተሩ ወጣት፣ ጊዜውም አጭር ነበር። ዶክተሩ ጀርባውን አዳመጠ፤ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ተመለከተ፤ ከዚያም ጠየቀው።

«ያጨሳሉ?»

«አዎን ዶክተር።»

«ስንት?»

«አንድ ፓኮ። አንዳንዴ ትንሽ ያልፋል።»

«ይኸውልዎ አባት፣ ካላቆሙ ይሞታሉ። ሁለተኛ ላያጨሱ ዛሬውኑ ቃል ይግቡልኝ።»

አጎቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። በልጆቹ ስም ማለ። ዶክተሩ ደስ አለው፤ እኛም ደስ አለን። ነገሩ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አሥራ አንድ ቀን ጸና። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከመንገድ ዳር ሱቅ አንድ ፍሬ ገዛ። ይህ ብዙም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሁለተኛውን ራጅ ሊነሣ፣ ለሳሉም የታዘዘለትን ሊጨርስ ወደዚያ ሕክምና ቤት ሳይመለስ ሁለት ዓመት ቆየ። ትንፋሹ ግን እያጠረ ሄደ። ለምን እንዳልተመለሰ ስጠይቀው፣ «የማለ ሰው በምን ዓይኑ ይመለሳል?» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ያቺ መልስ ናት። ሐኪም የሲጋራ ሱስ የያዘውን ሰው እንዴት ይርዳው? ሲባል ነገሩ የመድኃኒት ጥያቄ ይመስላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ስለ ሰው ፈቃድ፣ ስለ ኀፍረትና ስለ ቃል የሚነሣ የቆየ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሙም ወደደም ጠላም ነጭ ጋውኑን ለብሶ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

ለመሆኑ አጫሽ ምን ዓይነት ሰው ነው? የሚጎዳውን ነገር እያወቀ የሚያደርግ ሰው ነው። ሶቅራጥስ እንዲህ ያለ ሰው የለም ባይ ነበር። ክፉውን ክፉ መሆኑን በእርግጥ ያወቀ ሰው አያደርገውም፤ ካደረገውም አላወቀውም ማለት ነው ይላል። ሶቅራጥስ አጎቴን አላየውም። አጎቴ በፓኮው ላይ የታተመውን የሕመም ሥዕል እያየ ክብሪት ይጭራል። አርስቶትል ግን አጎቴን የሚያውቀው ይመስላል፤ እያወቀ የሚሸነፍ ሰው መኖሩን ተቀብሎ በሰፊው ጽፎበታል። ይሁን እንጂ እሱም ቢሆን በነፃ አይለቀውም። ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን ከአየር ላይ መመለስ ባይችልም፣ ሲወረውረው በእጁ ነበርና ይጠየቅበታል ባይ ነው። ዛሬ ማቆም ቢያቅትህ ያኔ አለመጀመር ትችል ነበር ማለቱ ነው።

መልካም። ታዲያ አጎቴ ድንጋዩን የወረወረው መቼ ነው? በአሥራ አምስት ዓመቱ የመኪና ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ሹፌሩ ሌሊት ሲነዳ እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫትና ሲጋራ አይለየውም ነበር። እጁ ከመሪው ስለማይላቀቅ ሲጋራውን ለኩሶ የሚያቀብለው ረዳቱ ነው። ሲጋራ ደግሞ ካልሳቡት አይያዝም። ስለዚህ አጎቴ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ሲጋራዎች የለኮሰው ለሌላ ሰው ነው። ለጌታው ሥራ ሲታዘዝ በአፉ የገባውን ድንጋይ ወረወረው እንበል?

ሰውነቱስ ምን ሆነ? ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል እስኪደርስ ሃያ ሰከንድ ያህል ቢፈጅበት ነው። እዚያ ሲደርስ ደስ የሚያሰኘውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይወርዳል፤ አንጎልም ሌላ ይጠይቃል። አንድ ፓኮ ያጨሰ ሰው ይህን በቀን ሃያ ጊዜ ይደጋግመዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሰርጅን ጄኔራል ሪፖርት ኒኮቲን ሱስ የሚያስይዝበት መንገድ ከሄሮይንና ከኮኬይን ጋር እንደሚመሳሰል ገልጿል። ሲያቋርጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ይከፋሉ፤ ንዴት፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት። በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። አጎቴ የወደቀው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። እንግዲህ ክፉውን ዳገት ወጥቶ ሜዳው ላይ ነው የተገለበጠው። ሰውነቱን ካሸነፈ በኋላ ከቡናው ጋር፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከድሮ ወዳጆቹ ጫት ጋር የተሳሰረው ልማድ ጣለው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ይህን ሁሉ አንብቤ አንድ ቀን ላጽናናው ብዬ «አየህ ጋሼ፣ በሽታ ነው እኮ! የአንተ ጥፋት አይደለም» አልኩት። የሚደሰት መስሎኝ ነበር። ተቆጣ። «በገዛ እጄ ለኩሼ በገዛ አፌ ያጨስኩትን ወባ አታድርግብኝ» አለኝ።

ብዙ ቀን አሰብኩበት። ዶክተሩ ጥፋተኛ አደረገውና አሳፈረው። እኔ ደግሞ በሽተኛ አደረግሁትና ሰውነቱን ነጠቅሁት። ዶክተሩ ካለው ይልቅ የእኔ ማጽናኛ ሳይከብደው አልቀረም። ጥፋተኛ ቢያንስ ሰው ነው፤ ሠርቷል፣ ሊተውም ይችላል ይባላል። «ወባ የያዘው» ግን የሚጠበቅበት ትንኟን መርገምና ተኝቶ መታከም ብቻ ነው። ሐና ፒካርድ የተባለች የዘመናችን ፈላስፋ በእንግሊዝ አገር ከሕሙማን ጋር ሠርታ ከዚህ ማጥ መውጫ የሚሆን ሐሳብ ጽፋለች። ተጠያቂነትና ወቀሳ ይለያያሉ ትላለች። አንድን ሰው ሥራው የራሱ መሆኑን፣ ሊለውጠውም እንደሚችል ልንነግረው እንችላለን፤ ለዚህ ግን ልንጠላው፣ ልናዋርደው ወይም ፊት ልንነሳው አይገባም። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ራጅ በእጁ ይዞ አርባ ሰው ከውጭ ለሚጠብቀው ዶክተር ግን ቀላል አይደለም።

እኛ አገር ወቀሳውን ከሚገባው በላይ አጥብቀን ይዘነው ኖረናል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨስን ሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል፤ በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎችም ጽፈውታል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ ላላ። ከንፈር መቁረጡ ቀርቷል፤ የሕክምና ክፍሉ «ይሞታሉ!» ግን የዚያ የልጅ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ሰው በፍርሃት ይተዋል የሚለው እምነት ነው። በፍርሃት የሚተው አለ፤ አልክድም። የሚበዛው ግን በፍርሃት ይደብቃል።

ከቅጣቱ ሌላ ደግሞ የቆየ ብልሃት ነበረን፤ ግዝት። መጠጡን ወይም ትምባሆውን መተው ያቃተው ሰው ከነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ ይገዘታል። ራሱን በራሱ መግዛት ያቃተው ሰው ከእሱ የበለጠ ሥልጣን ባለው እጅ ይታሰራል። ወጣቱ ዶክተር ሳያውቀው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጋውን ለብሶ ገዘተው። ግን የግዝቱን ግማሽ ብቻ ነው የወሰደው። የነፍስ አባት ዘንድ የወደቀ ሰው ንስሐ አለው። ይመለሳል፣ «ወደቅሁ አባቴ» ይላል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ እንደገና ይጀምራል። ወድቆ መመለሻው በር ከግዝቱ ጋር አብሮ ተሠርቷል። ዶክተሩ መሐላውን ወስዶ በሩን ረሳው። አጎቴም ለሁለት ዓመት ከደጅ ቀረ።

ኩየራን ያነሣሁት ለአጎቴ ብቻ ብዬ አይደለም። በዚያች ከተማ ትምህርት ቤት ያቋቋመችው የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗ ትምባሆ እንዳይቀምሱ የምታዝዝ ናት። አጎቴ በኮሌጁ በኩል ሲያልፍ ሲጋራውን ወደ መዳፉ ውስጥ ገልብጦ ይይዛል። ማንም ምንም ብሎት አያውቅም፤ እሱ ነው የሚያፍረው። የሚገርመው ግን ለአጫሾች ከወቀሳ የተለየ ነገር ካሰቡት ቀደምት ሰዎች መካከል የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መገኘታቸው ነው። በ1960 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ዌይን ማክፋርላንድ የተባለ ሐኪምና ኤልማን ፎልከንበርግ የተባለ ፓስተር በአሜሪካ «የአምስት ቀን ዕቅድ» የሚባል ነገር ጀመሩ። አጫሾች አምስት ምሽት በተከታታይ ይሰበሰባሉ። ሐኪሙ ስለ ሰውነት፣ ፓስተሩ ስለ ፈቃድ ያስረዳሉ። ውኃ በብዛት ጠጡ፣ ቡናና መጠጥ ራቁ፣ ከምግብ በኋላ ተራመዱ ይባላሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው ሲጨንቃቸው ይደዋወላሉ። እኔን የሳበኝ ግን እንዲደጋግሙት የሚሰጣቸው ዐረፍተ ነገር ነው። «አላጨስም ብዬ ቃል እገባለሁ» አይልም። «አለማጨስን መርጫለሁ» ነው የሚለው። ቃል የሚገባው ለሌላ ሰው ነው፤ ሲያፈርሱትም ያንን ሰው መሸሽ ይመጣል። ምርጫ ግን የራስ ነው፤ ከምሳ በፊት የመረጡትን ከምሳ በኋላ እንደገና መምረጥ ይቻላል። ጉድለቱ ስድስተኛ ቀን ያልነበረው መሆኑ ነው። ለሠላሳ ዓመት ልማድ አምስት ቀን አጭር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በኋላ በሌላ ፕሮግራም ተክታዋለች።

ታዲያ ሐኪም ጊዜ ከሌለው ምን ያድርግ? እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ረስል የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ ያደረጉት ጥናት የታወቀ ነው። ሐኪሞቹ ለአጫሽ ሕመምተኞቻቸው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ምክር ሰጡ፣ አንድ በራሪ ጽሑፍ ጨመሩ፣ ወደፊትም እንደሚከታተሏቸው ነገሯቸው። ከዓመት በኋላ ከመቶ አምስት ያህሉ ሲጋራ ትተው ተገኙ። ምንም ካልተባሉት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። አምስት ከመቶ ጥቂት ነው የሚል ይኖራል። አንድ ሐኪም በዓመት ስንት አጫሽ እንደሚያይ ያስላ። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ እላለሁ፤ «እንከታተልዎታለን»።

ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች የሚማሩት አካሄድ አምስት እርምጃ አለው። ማጨሱን መጠየቅ፣ እንዲተው መምከር፣ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ መመዘን፣ መርዳት፣ ከዚያም ቀጠሮ መስጠት። የአጎቴ ዶክተር ሁለቱን አደረገ፤ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን በመሐላ ተካቸው። አምስተኛው እንደ ትርፍ ነገር በመጨረሻ ይቀመጥ እንጂ ለእኔ ዋናው እሱ ይመስለኛል። በባንግላዴሽና በፓኪስታን ከሁለት ሺህ አራት መቶ በላይ በሚሆኑ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ነበር። ግማሾቹ ሳይቲሲን የተባለውን ሲጋራ ማስተዊያ ክኒን ወሰዱ፤ ግማሾቹ ምንም የሌለበት አምሳያውን። ሁሉም ግን ምክርና ድጋፍ አግኝተዋል። ከስድስት ወር በኋላ ክኒኑ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም፤ ከሁለቱም ወገን አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ሰው ሲጋራ ትቶ ነበር። ስለ ምክንያቱ አጥኚዎቹ የራሳቸውን ይበሉ። እኔ የማየው ግን የነቀርሳ ሕመምተኛ ስድስት ወር ሙሉ እየተመላለሰ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው የሚጠብቀው መሆኑን ነው። በአገራችንም የነቀርሳ ሕክምና የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱን አንድ ቀን ያልወሰደ ሰው «ቃልህን አፈረስክ» አይባልም፤ ይፈለጋል።

መድኃኒት አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈውና በማስቲካ መልክ የሚታኘከው ኒኮቲን እ.ኤ.አ. በ2009 ከዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብቷል፤ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን በ2021 ተከትለዋል። በዚሁ ጉዳይ ሦስት ፋርማሲዎች ገብቼ ስጠይቅ አንዱ ባለሙያ «ለማቆም የሚሆን ኒኮቲን? የምንሸጠው ሱቁ ጋ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነው። መንግሥትም በአንድ በኩል በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዝግ በሆኑ ሕዝብ የሚጠቀምባቸው ቦታዎች ማጨስን፣ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል፤ ማስታወቂያ አጥፍቷል፤ የፓኮውን ሰባ በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ አስሸፍኗል። ሊመሰገን ይገባዋል። በሌላ በኩል ለአሥርት ዓመታት በብቸኝነት ይዞት የኖረውን የትምባሆ ድርጅት ድርሻ ለጃፓን ኩባንያ ሲሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአርባ በመቶው ብቻ 510 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ነገ ማን እንደሚገዛው አስቦ ነው። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቷ ለማስቲካው ብትውል ምን ነበር?

በዚያው በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመውን አዋቂ ሕዝብ ከመቶ አምስት አድርጎታል። ከብዙ አገሮች አንጻር ዝቅተኛ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ጥቂት መሆናችን የራሱ ጣጣ አለው፤ ሐኪሙ መጠየቁን ይረሳል።

«መሆናችን» ማለቴን አንባቢ ሳያስተውል አልቀረም። ዲፕሎማዬን ይዤ የጋዜጣ ቤቶችን ደጅ ስጠና ነው የጀመርኩት። አንድ ጊዜ ደረቴን ወግቶኝ ሕክምና ቤት ሄጄ «ታጨሳለህ?» ስባል «አላጨስም» አልኩ። ለዚያው ሐኪም ከስድስት ወር በፊት ትቼዋለሁ ብዬው ነበርና። ሐኪሙ የሌለ በሽታ ሲፈልግ፣ የነገርኩት ውሸት ለሦስት ዓይነት ምርመራ አስከፈለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት ግን በሽታውን ሳይሆን የፈረሰ ቃሌን ነው። ያን ቀን ማንም አላስገደደኝም፤ ውሸቱ የራሴ ነው። ሆኖም ሐኪሙ «ሰሞኑን ስንት አጨስክ?» ብሎ ቢሆን ኖሮ የምመልሰው ቁጥር ነበር። «አሁንም ታጨሳለህ?» ሲባል የሚመለሰው ግን ስለ ማንነት ነው።

አጎቴ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሌሊት ትንፋሹ ሲቆራረጥ ኩየራ አካባቢ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። የተቀበለችው ሲስተር ወጣት ናት። ትንፋሹ ከተመለሰለት በኋላ አጠገቡ ተቀምጣ በኦሮምኛ፣ በቀስታ፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ዓይንዎን ከገለጡ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያዋን የሚለኩሷት?» አለችው። አጎቴ ሳያስበው «ጫማዬን ሳላደርግ» አላት። ጻፈችው። ኋላ እንደተረዳሁት ይህ ጥያቄ ፋገርስትሮም በተባለ ስዊድናዊ ስም ከሚጠራው መመዘኛ የተወሰደ ነው። ከእንቅልፉ በነቃ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ሥር የሰደደ ነው። አጎቴ ግን የገባው ሌላ ነገር ነው። «ልጅቱ ታውቀዋለች» አለኝ፤ ሱሱን ማለቱ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማጨሱን ሳይሆን አጨሳሱን የጠየቀችው የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ይሞታሉ አላለችውም። በስልሳ ዓመቱ የተወ ሰው እንኳ ሦስት ዓመት ያህል ዕድሜ እንደሚያተርፍ ነገረችው። ይህ ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ የእንግሊዝ ሐኪሞችን እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ አምሳ ዓመት ተከታትለው ያገኙት ነው፤ በሠላሳ ዓመቱ የተወ ደግሞ አሥሩንም ያተርፋል። (ዶል ራሱ አጫሽ ነበር፤ የመጀመሪያው ጥናቱ ውጤት ሲታየው ተወ።) አጎቴ ሦስቱን ዓመት በጣቶቹ ቆጠረና «የትንሹ ልጄን ሰርግ ያደርሰኛል» አለ።

ሊምልላት ሲነሣ እጁን ያዘችው። «መሐላ አልፈልግም ጋሼ። ማክሰኞ ይምጡ። አጭሰውም ይምጡ፤ ብቻ ስንት እንዳጨሱ ይንገሩኝ።»

በመጀመሪያው ማክሰኞ አሥራ አራት አላት። ጻፈች። በሁለተኛው ዘጠኝ። በአራተኛው ዜሮ። ሰባተኛው ላይ ለቅሶ ቤት አድሮ ኖሮ ሙሉ ፓኮ ጨርሶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሄደ። ምን እንዳለችው ስጠይቀው «ምን ትለኛለች? ጻፈችውና የት ቦታ፣ ከማን ጋር፣ ከየትኛው ቡና በኋላ እንደሆነ ጠየቀችኝ» አለኝ።

ባለፈው ወር ኩየራ ሄጄ አገኘሁት። በር ላይ ተቀምጧል፤ ሳሉ አለ፤ ግን አጥሩ ጋ ከመድረሴ በፊት አልሰማሁትም። ከኮቱ የደረት ኪስ፣ ድሮ ፓኮው ከሚቀመጥበት፣ የተጣጠፈ የቀጠሮ ካርድ አውጥቶ አሳየኝ። ቁጥሮቹን ተከትዬ ወደ ታች ወረድኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሁለት ተጽፏል።

«ይህ ዘጠነኛው ነው?» አልኩት።

«አሥረኛው ማክሰኞ ነው» አለኝና ካርዱን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። «አንተስ? ስንት ነው የምታጨሰው?»